ሳያም የሚሳሳው አጥንት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ማረጥ ጻፍ አድርጌ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ስለ ድንገተኛው ሙቀት፣ ሌሊት አንሶላ ስለሚያረጥበው ላብ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣትና በሆነ ባልሆነው ስለ መነጫነጭ ነው። ይገባኛል። እሱ የሚታይ፣ የሚሰማ ነገር ነው። ስለ አጥንት የጠየቃችሁ ግን በጣት የምትቆጠሩ ናችሁ፤ እናንተም ብትሆኑ የጻፋችሁልኝ ወይ ከተሰበራችሁ በኋላ ወይ እናታችሁ ከጎበጠች በኋላ ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ለጊዜው እንተወውና ዛሬ ገጹን ለነዚያ ጥቂት ደብዳቤዎች ልስጥ። ስም አልጠቅስም። ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከረምሽ። 54 ዓመቴ ነው። የወር አበባዬ ከቆመ አራት ዓመት ሆኖታል። ክረምት ላይ የቤቴ ደጃፍ አዳልጦኝ በእጄ ተደግፌ ወደቅሁ፤ አንጓዬ ላይ ተሰበረ። ወጌሻ ጠግኖኝ አሁን ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጠመም አለ እንጂ። ልጄ «ሐኪም ቤት ሄደሽ አጥንትሽን ተመርመሪ» ትለኛለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ «የወደቀ ሰው ይሰበራል፣ ምን ይገርማል?» ይላሉ። ማን ነው ልክ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ናት ልክ። ጎረቤቶችዎ አይቀየሙኝና በዚህኛው ተረትተዋል።

ሰው ከፎቅ ወድቆ ቢሰበር አይገርምም። መኪና ገጭቶት ቢሰበርም አይገርምም። ግን ከቆመበት እዚያው መሬት ላይ ወድቆ የሚሰበር አጥንት፣ «ይሄ ነገር በጤናው ነው?» ሊባል ይገባዋል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ስብራት ለይተው ነው የሚያዩት። ካረጠች በኋላ አንጓዋን የተሰበረች ሴት ብዙ ጊዜ አጥንቷ መሳሳቱን የምትሰማው በዚያ ነው። አንዴ የተሰበረ ሰው ሌላ ቦታ እንደገና የመሰበር ዕድሉ ደግሞ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። አንጓ ቀድሞ ይመጣል፣ አከርካሪ ይከተላል፣ ዳሌ ቆይቶ ይመጣል። የምንፈራው የመጨረሻውን ነው።

ለምን ከማረጥ ጋር እንደሚያያዝ ልንገርዎ። አጥንት ድንጋይ አይደለም። የጭቃ ቤት አድርገው ያስቡት። የጭቃ ቤት አንዴ ተሠርቶ አያበቃም፤ ክረምቱ ሲወጣ የላላውን ምርጊት ያራግፉታል፣ ጭቃውን ከጭድ አቡክተው እንደገና ይመርጉታል። አጥንታችን ውስጥም ዕድሜ ልክ ይኸው ሥራ አለ። አንዱ ወገን ያረጀውን ያፈርሳል፣ ሌላው አዲስ ይመርጋል። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ደግሞ የአፍራሹ ካቦ ነው፤ «በቃህ፣ እዚህ ጋ ተው» የሚለው እሱ ነው። ስናርጥ ካቦው ሥራ ለቀቀ ማለት ነው። አፍራሹ ሃይ ባይ ያጣል፣ መራጊው አይደርስበትም። እስከ 30 ዓመት ገደማ ያጠራቀምነውን አጥንት ከዚያ በኋላ ቀስ እያልን ነው የምንበላው፤ ካረጥን በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ዓመታት ግን ነገሩ ይፈጥንና አንዳንድ ሴት በነዚያ ዓመታት ብቻ እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን የአጥንቷን ጥግግት ልታጣ ትችላለች። እርስዎ አራተኛው ዓመት ላይ ነዎት። መሃሉ ላይ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም አያምም። ሴቶቻችን የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ሲቆረጥም፣ ጣት ሲያብጥ «አጥንቴን አመመኝ» እንላለን፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፣ ሌላ ነገር ነው። የሚሳሳው አጥንት ድምፅ የለውም። በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በላይ ካሉ ሴቶች ከሦስቷ አንዷ በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ትሰበራለች ተብሎ ይገመታል፤ ከነዚህ ውስጥ ስንቷ ቀድማ ታውቅ እንደነበር እርስዎ ከራስዎ ይገምቱ።

ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፣ እጃቸው የተባረከ አሉ። ግን ሁለት ነገር ልበል። አጥብቀው ካሰሩት ደም አላሳልፍ ብሎ እጅ እስከ ማስቆረጥ የደረሰበት ጊዜ አለና ጣት ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ በዚያው ሰዓት መፍታት ነው። ሁለተኛው፣ ወጌሻ የተሰበረውን ይጠግናል እንጂ ለምን እንደተሰበረ አይጠይቅም። ለነገሩ በሆስፒታልም ብዙ ጊዜ ጀሶ ታስሮ «ከስድስት ሳምንት በኋላ ይምጡ» ነው። ጠያቂው እርስዎ ይሁኑ።

ምርመራው ዴክሳ ይባላል። ጋደም ብለው የሚነሱት፣ ጨረሩ በጣም ትንሽ የሆነ ራጅ ነው። ወገብና ዳሌን ይለካል። መርፌ የለውም፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ውጤቱ ቲ-ስኮር በሚባል ቁጥር ይመጣል፤ አጥንትዎ ከጤናማ ወጣት ሴት አጥንት ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ኔጋቲቭ 1 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው። ከዚያ ወርዶ ኔጋቲቭ 2.5 ካልደረሰ መሳሳት ጀምሯል ይባላል። ኔጋቲቭ 2.5 ከገባ ወይም ካለፈው የአጥንት መሳሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መስፈሪያ ያወጣው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስከ ዛሬም እሱ ነው የሚሠራበት።

መሣሪያው እንደ ደም ግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ዋጋውም ይከብድ ይሆናል። ባያገኙት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሐኪም የእርስዎን ዕድሜ፣ ያረጡበትን ጊዜ፣ ክብደትዎን፣ እናት ወይም አባትዎ ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደሆነና ይህንኑ የአንጓዎን ስብራት ይዞ ብዙ ሊል ይችላል። የእንቅርት፣ የኩላሊትና የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራም ሊያዝዝ ይችላል፤ በኃይል የሚሠራ እንቅርት ብቻውን አጥንት ይበላልና። አንድ ነገር ግን ይያዙልኝ፦ ተራ ራጅ ተነስተው «አጥንትሽ ደህና ነው» ቢባሉ ያ መልስ አይደለም። በተራ ራጅ መሳሳቱ የሚታየው ሲሶው ገደማ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። እናቴ 70 ዓመቷ ነው፣ ደሴ ነው የምትኖረው። በየዓመቱ ለፋሲካ ስሄድ አጥራ ነው የማገኛት። ጀርባዋ ጎብጧል። ቀሚሷ ከፊት መሬት ይጠርጋል፣ ከኋላ ደግሞ ሽቅብ ብሏል። ወገቧን ሲያማት «ብርድ ነው» ትልና ጎረቤት ጠርታ ቅባት ተቀብታ ትታሻለች። ዕድሜ ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ ተው፣ አትተወው። የቀሚሱን ነገር በማስተዋልህ ደግሞ ሳላመሰግንህ አላልፍም፤ ብዙ ሐኪም የማያየውን ነው ያየኸው።

አከርካሪ ተራ በተራ የተደረደረ ጣሳ አድርገህ አስበው። የሳሳ ጣሳ ከፊት በኩል ጭምድድ ይላል። አንዱ ቢጨመደድ ላታውቀው ትችላለህ፤ ሦስት አራቱ ሲጨመደዱ ግን ሰውየው ያጥራል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ ሆድ ወደፊት ይገፋል፣ ትንሽ በልቶ ቶሎ ይጠግባል። ከነዚህ የአከርካሪ ስብራቶች ሦስት እጅ ተከፍሎ ሁለቱ እጅ ያህሉ ስብራት ነው ሳይባል ነው የሚያልፈው። ወድቆ እንኳን አይደለም። ባልዲ ሲያነሱ፣ ምጣድ ሲያወጡ፣ አንዳንዴ ሲያስነጥሱ። እናቶቻችን «ወገቤ ቀጭ አለ» ይላሉ፣ ሁለት ሳምንት ይተኛሉ፣ ብርድ ነው ተብሎ ይረሳል። እንዲህ እያለ ነው የአንድ ሰው ቁመት የሚሄደው።

ስትሄድ ጫማዋን አስወልቀህ ግድግዳ ላይ አስደግፋትና በእርሳስ ምልክት አድርግ። በሚቀጥለው ዓመት ትለካታለህ። በወጣትነቷ ከነበራት ቁመት 4 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከቀነሰች የአከርካሪ ራጅ ያስፈልጋታል። (ይህን የእርሳስ ነገር እኔም በራሴ እናት የቤት በር ላይ ነው የጀመርኩት። እሷ ልጅ ነኝ ወይ የምትለካኝ ብላ ሦስት ቀን አኩርፋኝ ነበር።)

መታሸቱን ግን ዛሬውኑ አስቁመው። የሳሳ አከርካሪ ላይ በክርን መጫን፣ በጉልበት መርገጥ፣ አጣምሞ ቀጭ ማድረግ ሌላ ስብራት ይጨምራል። ሙቅ ውኃ በላስቲክ ይዞ ማሞቅ ግን ምንም አይደል፣ ያን አትከልክላት።

እንደ እኛ አገር ደግሞ የጎበጠ ጀርባ ሁሉ የአጥንት መሳሳት አይደለም። ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ካላት፣ ከከሳች፣ የአከርካሪ ቲቢ ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር ሊሆን ይችላል። እግሯ ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታት ደግሞ ነገ አትበል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዳት።

ሌላም አለ፣ እሱን ለማንሳት ትንሽ ፈራ ተባ እያልኩ ነው፦ ስግደት። አከርካሪዋ የተሰበረ እናት በሰሙነ ሕማማት መቶ ጊዜ ወድቃ ስትነሳ፣ የተጨመደደውን አጥንት ደጋግማ እያጠፈችው ነው። አትስገድ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ለንስሐ አባቷ ሕመሟን ትንገራቸው፤ ለታመመ ሰው የሚሉት አያጡም። አንተ ከምትነግራት እሳቸው ቢነግሯት ደግሞ መቶ እጅ ትሰማለች።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አጥንትሽ ሳስቷል ተብዬ «ወተት ጠጪ» ተባልኩ። ወተት ከልጅነቴ አይስማማኝም፣ ሆዴን ይነፋዋል። ያውም የዓመቱን እኩሌታ ጾመኛ ነኝ። ቅልጥም ቀቅዬ መረቁን ልጠጣ? ጾሙ ሲገባስ ምን ይዋጠኝ? 58 ዓመቴ ነው። (ከጎንደር)

መልስ፦ ቅልጥሙን ከወደዱት ይብሉት፣ ለአጥንት ብለው ግን አይድከሙ። ስብ ነው። አጥንቱ ቢቀቀል ውሎ ቢያድር ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፣ መረቁ ውስጥ የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም። እናቶቻችን «አጥንት ለአጥንት» ብለው ነው። አስተሳሰቡ ደስ ይላል፣ ሥራ ላይ ግን አይውልም።

ለእርስዎ ዕድሜ በቀን የሚያስፈልገው ካልሲየም ወደ 1200 ሚሊግራም ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ ወደ 300 ይሰጣል። ወተት የሚነፋው ሰው እርጎ ብዙ ጊዜ ይስማማዋል፤ ስለዚህ በፍስክ ወራት በእርጎ ይጀምሩ። አይብም ጥሩ ነው፣ ግን ካልሲየሙ ከፊሉ በአጓቱ ስለሚወጣ አጓቱን አይድፉት።

በጾም ወራት ደግሞ ከሚያስቡት በላይ ሀብታም ነዎት። ጤፍን እንውሰድ። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ከ150 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለ፤ ስንዴና በቆሎ አጠገቡ አይደርሱም። ሊጡ በእርሾ መቡካቱ ደግሞ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይቀንሰዋል። ቸኩለው ሳይቦካ የሚጋገረውን አፍለኛ ተውት። ሰሊጥ ሳይፈተግ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 90 ሚሊግራም አለው፣ ሁሉም ባይመጠጥም። ቆልተው ወቅጠው በውኃ ቢጠጡት፣ ፍትፍት ቢያደርጉት፣ ዳቦ ላይ ቢነሰንሱት። ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ሽሮው ለካልሲየም ሳይሆን ለፕሮቲን ያስፈልግዎታል፤ አጥንት ያለ ፕሮቲን አይቆምም፣ ጡንቻም እንዲሁ። ጾም ላይ በሻይና በዳቦ የሚውሉ እናቶች ያሳስቡኛል።

አሁን ወደ ጎመን ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፣ ሁለቱም ካልሲየም አላቸው። ቆስጣ ግን ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስላለው ካልሲየሙን ጠፍንጎ ይይዘዋል፤ በልተውት ሳይጠቅምዎ ይወጣል። የሐበሻ ጎመን ይህ ችግር ብዙም የለበትም፣ ካልሲየሙ ከሞላ ጎደል እንደ ወተቱ በደንብ ይመጠጣል። ስለዚህ ገበያ ሲወጡ ቆስጣ ለጣዕም፣ ጎመን ለአጥንት።

የወለጋ ሰዎች ይህን ሲያነቡ «አንጮቴንስ ረሳሽው?» እንዳይሉኝ። አልረሳሁም። ወለጋ ውስጥ የተሰበረ ሰው አንጮቴ እንዲበላ የሚደረገው ከጥንት ጀምሮ ነው። ሥራ ሥር ሆኖ ካልሲየሙ ከድንችና ከስኳር ድንች ይበልጣል፤ ወጉ መሠረት አለው ማለት ነው። የተሰበረ አጥንትን በተአምር ይገጥማል የሚለውን ግን አልፈርምበትም። እንደ ጥሩ ምግብ ይበሉት።

ቡናው ችግር የለውም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሲኒ ቢጠጡ አጥንትዎን አይበላውም። ጨው ጨምረው የሚጠጡ ከሆነ ግን ጨውን ይቀንሱ፤ ብዙ ጨው ካልሲየምን በሽንት ይዞ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ካልሲየም አንጀት የሚቀበለው ቫይታሚን ዲ ሲኖር ነው፣ እሱን ደግሞ ዋናው አቅራቢ ፀሐይ ናት። «አገራችን 13 ወር ፀሐይ፣ ምን ጎደለን» እንዳይሉኝ። ፀሐይዋ ደጅ ናት፣ እኛ ቤት ውስጥ ነን። ስንወጣም ተከናንበን ነው። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ቫይታሚኑን አይሠራም። የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። እጅና ክንድዎን፣ ከተቻለም እግርዎን ገልጠው ደጅ ይቀመጡ፣ ቡናውን እዚያ ያፍሉት።

የካልሲየም ኪኒን የሚወስዱት ሐኪም ከምግብ የሚያገኙት አይበቃም ሲል ነው። ከታዘዘልዎት በአንዴ ከ500 ሚሊግራም ብዙም ባይበልጥ፣ ከምግብ በኋላ ቢሆን፤ ከደም ማነስ ኪኒን ወይም ከእንቅርት መድኃኒት ጋር በአንድ ላይ አይዋጡት፣ ይጣላሉ። የኩላሊት ጠጠር ካለብዎት ቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ሃይ ሲስተር፣ 34 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ወር መርፌ እየወሰድኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አጥንት ያሳሳል የሚባለው እውነት ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው፣ አትደንግጪ። መርፌው ኤስትሮጅንን ዝቅ ስለሚያደርግ የአጥንት ጥግግት ትንሽ ይቀንሳል፤ በአሜሪካ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ግን ሲቆም አብዛኛው ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች ክልከላ የለውም። ከ45 በላይ ስትሆኚ ወይም ሌላ አጋላጭ ነገር ካለሽ፣ ለምሳሌ በጣም ቀጭን ከሆንሽ፣ ሲጋራ ካጨስሽ፣ ለአስም ፕሬድኒሶሎን ለወራት ከዋጥሽ፣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ማሕፀን ውስጥ የሚገባውን ሉፕ ጠይቂ። ዝም ብለሽ መርፌውን አትተይ፤ ያልታሰበ እርግዝና ይመጣና ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።

ጥያቄ፦ ስሜም ከተማዬም ይቅር። 49 ዓመቴ ነው፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ከሆንኩ ረጅም ጊዜ ነው። ወር አበባዬ እየተዛባ ነው። መድኃኒቱ አጥንት ይጎዳል ሲባል ሰምቼ ማቆም አማረኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታቆሚ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቢው።

የሰማሽው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በአገራችን በብዛት በሚሰጠው ጥምር ኪኒን ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት የአጥንት ጥግግትን በትንሹ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ከማረጥ ጋር ሲደራረብ ግን ልብ ማለት ይገባል። ስለዚህ መድኃኒት ልትወስጂ ስትሄጂ «እያረጥኩ ነው፣ አጥንቴን እዩልኝ» በይ። አማራጭ ኪኒን አለ፤ እሱን የሚወስነው ሐኪምሽ ነው። መድኃኒቱን ብታቆሚ የሚመጣው ጉዳት ከአጥንቱ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው፣ 45 ዓመቴ ነው። ወር አበባዬ በ41 ዓመቴ ቆመ። ከቤት የምወጣው በወር አንዴ ቢሆን ነው። አሁን ሰውነቴን በሙሉ ያመኛል፣ ደረጃ መውጣት ከብዶኛል።

መልስ፦ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው የያዘሽ። ከ45 በፊት ማረጥ ማለት አጥንትሽ ያለ ኤስትሮጅን የሚቆይበት ዘመን ረዘመ ማለት ነው። እንዲህ ላሉ ሴቶች፣ የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ከሌላቸው፣ ሆርሞኑን እስከ 50 ዓመት ገደማ በመድኃኒት መተካት ይመከራል። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው ትልቅ ጥናት ብዙ ሴት ሆርሞን እንድትፈራ አድርጓል፤ ያ ጥናት ግን በአብዛኛው በእርጅና ላይ ባሉ ሴቶች ላይ የተሠራ ነው፣ ያንቺ ጉዳይ ሌላ ነው። በተቻለሽ መጠን ማሕፀን ሐኪም አማክሪ።

የሰውነት ሕመሙና የጭን መዛል ደግሞ የቫይታሚን ዲ እጥረት ይመስለኛል። ፀሐይ አገር ተቀምጦ ፀሐይ ማጣት ማለት ይኸው ነው። በደም ይታወቃል፣ በርካሽ ኪኒን ይታከማል። መውጣት ባትችይ ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጪ እጅጌሽን ሰብስቢ።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው የምጽፈው። 66 ዓመቴ ነው። እዚህ ከ65 ዓመት በላይ ያለችን ሴት ሁሉ ዴክሳ ያስነሷታል፣ እኔን ኔጋቲቭ 2.7 ብለው በሳምንት አንድ የሚዋጥ ኪኒን አዘዙልኝ። አንዷ የማኅበራችን ሰው «መንጋጋ ያበሰብሳል» ስትለኝ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ስድስት ወር ሆነው።

መልስ፦ እማማ፣ ከመሳቢያው ያውጡት።

መንጋጋ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አለ፣ አልተፈጠረም አልልም። ነገር ግን በኪኒን ለአጥንት መሳሳት በሚታከሙ ሰዎች ላይ በዓመት ከ10,000 አንድ እንኳን የማይሞላ ነገር ነው። በብዛት የታየው በደም ሥር ከፍ ያለ መጠን በሚወስዱ የካንሰር ታማሚዎች ላይ ነው። የሚነቀል ጥርስ ካለዎት ከመጀመርዎ በፊት ያስነቅሉ፣ አለቀ። ረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጭን አጥንት ላይ የሚመጣ ሌላ ብርቅ ጉዳት አለና ጭንዎን ደነዝ ያለ ሕመም ካመመዎት ይናገሩ። ለዚህም ነው አምስት ዓመት ሲሞላ ይቀጥል ወይስ ይረፍ የሚለው የሚታየው።

አወሳሰዱ ግን ወግ አለው። ጠዋት ባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ። በሻይ አይሆንም፣ በቡና አይሆንም፣ በወተት ጭራሽ አይሆንም። ከዚያ 30 ደቂቃ ቆመው ወይም ቁጭ ብለው፤ ከተኙ ጉሮሮ ያቃጥላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ቅዳሜን የኪኒን ቀን ያድርጉት። ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜ እስከ ሰዓት አይጾምም፣ ለእሁድ ቁርባንም አይነካካም። ሙስሊም እህቶቼ በረመዳን ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ተነስተው ሊውጡት ይችላሉ። ጉሮሮ ወይም ጨጓራ የማያስችለው ሰው በዓመት አንዴ በደም ሥር የሚሰጥ አለ። በየስድስት ወሩ የሚወጋ ሌላ መርፌም አለ፤ እሱን የጀመረ ሰው ግን አገር ቤት ሄጄ ልቆይ ብሎ ቀኑን ማሳለፍ የለበትም፣ ሲቋረጥ አከርካሪ በተከታታይ ሊሰበር ይችላል።

ጥያቄ፦ አያቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። አንድ ነገር ብቻ አድርጊ ብትባዪ ምን ታደርጊላት ነበር?

መልስ፦ እንዳትወድቅ አደርጋት ነበር። ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዓመት አይሞላቸውም፣ የተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ድሮው አይሄዱም።

የምትወድቀው ተራራ ላይ አይደለም። ሌሊት ለሽንት ስትነሳ ነው፣ መብራት ሳታበራ፣ እናንተን ላለመቀስቀስ ብላ። ስለዚህ ራስጌዋ ባትሪ አስቀምጡ፣ ወይም መንገዱ ላይ ትንሽ መብራት ይደር። ውጭ ያለ ሽንት ቤት ከሆነ ሌሊት ፖፖ ይኑራት፣ አታፍር። ዳር ዳሩ የተጠቀለለውን ምንጣፍ አንሱት። ገላ መታጠቢያው ላይ የምትይዘው ብረት ግድግዳ ላይ ይመታ። የእንቅልፍ ኪኒን የምትውጥ ከሆነ ወይም የደም ግፊት መድኃኒቷን ወስዳ ብድግ ስትል ካዞራት ሐኪሟ ይወቅ። ዓይኗ ላይ ሞራ ካለ ይገፈፍ። ቁጭ ብላ አትዋል፤ ክንዷን ይዘሽ በግቢ ዙሪያ አዘዋውሪያት፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ አምስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ታድርግ፣ ጡንቻዋ ነው የሚይዛት። ያቺን ከኋላ የረገጠቻትን ነጠላ ጫማ ደግሞ ጣይላትና ተረከዙ የሚይዝ ግዢላት። ብትቆጣም ትቆጣ።